ዝቋላ በቃሬዛ የወረደው ሞተር

መፍቻ ይዛችሁ ሞተራችሁ ስር የተጋደማችሁ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ቀና በሉና ስሙኝ። «ይቺን ብረት ባወልቃት ስንት ኪሎ ትቀንስልኛለች?» እያላችሁ ነው፤ አውቃችኋለሁ። እኔም አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያ ስል ከርሜያለሁ። ያን ሁሉ ለፍቼ ያቀለልኩትን ሞተር በመጨረሻ ማን እንደተሸከመው ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም አሁን እስቃለሁ። ያኔማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ ለአባባል አይደለም፣ ደረት የሚደቃበት እውነተኛ ለቅሶ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሰቆጣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ቀጭን፣ ችኩል፣ የሰው ምክር የማልሰማ። ሥራዬ ቆላ ወርጄ ፍየል መከተብ ነው። የፍየል የሳንባ ክትባት ደግሞ ቅዝቃዜ ካጣ ከውሃ አይሻልም። በረዶ በታጨቀበት ሳጥን ከሰቆጣ ይነሳል፤ በረዶው ሳያልቅ ፍየሏ ዘንድ መድረስ አለበት። አንድ ዓመት በበቅሎ ጭኜ ወደ ዝቋላ፣ ቆላ ወዳለችው ወረዳ፣ ስወርድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሳጥኑን ስከፍተው ብልቃጦቹ ለብ ያለ ውሃ ላይ ይዋኛሉ። ፍየሎቻቸውን ይዘው በቆሙ ሰዎች ፊት ጉድጓድ ቆፍሬ መድኃኒቱን ቀበርኩት። ወር ሳይሞላ በሽታው ገባና መንደሩን አራቆተው። ዝማም የምትባል ሴት አሥራ አንድ ፍየል ነበራት፤ አንዲት እንኳ አልተረፈቻትም። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ በዓመቱ ለመሥሪያ ቤታችን ሞተር ሳይክል ሲመጣ ምን እንደተሰማኝ አስቡት። ለገጠር መንገድ የተሠራ፣ ረዥም፣ ጎማው ጥርስ ያለው። ኃላፊያችን አቶ ደስታ ቁልፉን ሲሰጡኝ «በአንድ ቀን፣ በረዶው ሳይቀልጥ ዝቋላ ካልገባሁ ስሜ ሲሳይ አይደለም» ብዬ ማልኩ። ነገር ግን ለሙከራ ጥቂት ቁልቁለት ወርጄ አየሁት፤ ከበደኝ። ድንጋዩ መሀል አንዴ ከወደቀ ለብቻዬ ማንሳት አልችልም። መፍትሔው ታየኝ፦ ሞተሩን ማቅለል!

ኪሮስ የሚባል ብረት በያጅ ጓደኛ ነበረኝ። በየማታው ከሥራ ስወጣ እሱ ግቢ ገብተን እንፈታለን። የወለቀውን ሁሉ ጎረቤቱ እትዬ ብርቄ ማር በምትመዝንበት ሚዛን እንመዝናለን፤ ቡሎኖቹ ማር ነክቷቸው ስለሚመለሱ የኪሮስን ግቢ ጉንዳን ወረሰው። መጀመሪያ ስፖኪዮዎቹ ወለቁ። ወደ ኋላ ምን አያለሁ? ቀጥሎ የኋላ ፓራፋንጎ፣ ጭቃ መከላከያው። ቀጥሎ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍባቸው ብረቶች፤ ሰው አልጭንም! ቀጥሎ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ መለዋወጫ ካንዴላና ነፋስ መሙያ የያዘው ሳጥን እንዳለ ወረደ።

«መፍቻውን እንኳ ተወው» አለኝ ኪሮስ።

«አዲስ ሞተር ምን መፍቻ ያስፈልገዋል?»

«እሺ። ይሄ ከሆዱ ስር ያለው ላሜራስ? ድንጋይ እንዳይመታው የሚጠብቀው ይሄ ነው።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

እትዬ ብርቄ መዘነችው። «ሦስት ተኩል» አለች።

«ይውጣ!»

ኪሮስ አማተበና አወጣው። ከሁሉ ግን የኮራሁበት አንድ ፈጠራ ነበረኝ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ብረት አራት ኪሎ ይመዝናል። «ለምን መጫኛ ያስፈልጋል? የበረዶ ሳጥኑን እራሱን ከሞተሩ አጥንት ጋር እንሰረው» አልኩ። ኪሮስ የሳጥኑን ታች በስቶ በአራት ቡሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። የቡሎኖቹ ራስ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከበረዶው ስር ቀረ። እኔ ይህን ያየሁት እንደ ጥበብ ነበር። ሳጥኑ ቢሰረቅ ከነሞተሩ ነው የሚሰረቀው እያልኩ ሳቅሁ።

ጠቅላላ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። አቶ ደስታ መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩና «ሲሳይ፣ ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው ወይስ የተነጨ ዶሮ?» አሉኝ። እኔ ግን ማን ይሰማል! በመጨረሻው ማታ ሌላ የሚቀነስ ኪሎ ስፈልግ ጋቢዬን እንኳ ከሻንጣዬ አውጥቼ ቤት ተውኩት።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲነዳ ደስ ይላል! ድንጋዩን እንደ ሚዳቋ ይዘለዋል። «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» የሚለውን ተረት የሚያስታውሰኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቆላው ከታች በተንጣለለበት ቁልቁለት፣ አንድ ሹል ድንጋይ ከፊት ጎማዬ ተፈናጥሮ ከስር «ቋ!» ሲል ሰማሁ። ትንሽ ሄጄ ሞተሩ አቃሰተ፣ ከዚያ ዝም። ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሆዱ ተሰንጥቆ ዘይቱ መሬት ላይ ይንዠቀዠቃል። ላሜራው ሰቆጣ፣ ኪሮስ ግቢ፣ ጉንዳን ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ሳጥኑን ዳሰስኩት፤ ገና ቀዝቃዛ ነው። ክዳኑ ካልተከፈተ በረዶው እስከ ማታ ቢቆይ ነው። ዝቋላ ደግሞ በእግር አምስት ሰዓት ያስኬዳል። ሳጥኑን ፈትቼ ልሸከም ብል ቡሎኖቹ በረዶው ስር ናቸው፤ ክዳኑን ከከፈትኩ በዚያ ፀሐይ አበቃ። ብከፍትስ በምን ልፈታው? በጥርሴ? መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ያለፈው ዓመት ጉድጓድ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ በነዚያ ሰዎች ፊት መድኃኒት ከምቀብር እዚያው መቀበርን መረጥኩ።

ከላይ ካለች መንደር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወረዱ። አያ ረዳ ይባላሉ፤ የአካባቢው የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ ናቸው። ለማታውቁት፦ መኪና በማይገባበት አገር ሰው ሲታመም የማኅበሩ አባላት ቃሬዛ ላይ አጋድመው፣ እየተፈራረቁ በትከሻቸው ከተማ ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። ቃሬዛ የገጠመው መንገደኛ ማንም ይሁን ማን፣ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም።

«ምን ሆንህ ሐኪም?» አሉኝ። ፍየል ስለምከትብ ሐኪም ነው የሚሉኝ።

«ሞተሩ ተሰበረብኝ አያ። መድኃኒቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ሳጥኑን አውርደህ ተሸከማ። ወጣት ነህ።»

«በቡሎን ታስሯል።»

«ፍታዋ!»

«መፍቻ የለኝም።»

«መፍቻህ የት ሄደ?»

«ሰቆጣ ተውኩት።»

«ስለምን?»

«እንዲቀልልኝ ብዬ ነው።»

አያ ረዳ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዩኝ። «ሐኪም» አሉ፣ «አንተን ማን ያክምህ?»

እግራቸው ስር ወደቅሁ። «አያ ረዳ፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ ሞተሩን ከነሳጥኑ በቃሬዛ ያውርዱልኝ። ማታ ካልደረስኩ እንዳምናው ነው፤ ፍየሎቹ ያልቃሉ።»

«ምን አልህ? ቃሬዛ ዕቃ አይሸከምም! ሕግ ነው።» ቢሆንም ወደ መንደሩ ተጣሩ፤ ስምንት ጎልማሶች ቃሬዛውን ይዘው መጡ፤ እዚያው መንገድ ላይ ሸንጎ ተቀመጠ። አንዱ «ሞተሩ የማን ነው?» አለ። «የመንግሥት» አልኩ። «መንግሥት የማኅበራችን አባል አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳ ተሸክሞ አያውቅም» አለ ሌላው። በኋላ ሞተሩን ሲመለከት የነበረ አንድ ሰውዬ በጣቱ ዘይቱን ነክቶ አሳየ። «ይሄ ምንድነው? ደሙ እኮ ነው የሚፈሰው» አለ። አያ ረዳ ጎንበስ ብለው አዩ፤ አሰቡ፤ ፈረዱ። «ደሙ የሚፈስ በሽተኛ ነው። በሽተኛ ደግሞ የማንም ይሁን የማን መንገድ ላይ አይጣልም። አንሱት!»

ልስማቸው ስንደረደር ግን ጎልማሶቹ ሞተሩን አጋድመው ካሰሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሰቆጣ አዞሩ።

«ወዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«በሽተኛ ወደ ከተማ ነዋ የሚሄደው።»

«ኧረ በማርያም! መድኃኒቱ ወደ ታች ነው የሚፈለገው!»

አያ ረዳ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ቃሬዛ ከላይ ወደ ቆላ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ያን አገር ስረግጥ አላውቅም ነበር።

«ከተማ ሄዶ ያልዳነው ሬሳው ሲመለስ ብቻ ነው የሚወርደው። በየመንደሩ ያየን ሁሉ ያለቅሳል። ልናስቆመው አንችልም።»

«ያልቅሱ አያ! እባክዎ፣ ያልቅሱና በኋላ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አንተ ነህ ያልኸው» አሉ። «እንግዲያው ሬሳ ከሆነ ይሸፈናል። ጋቢህን አምጣ።»

አንገቴን ደፋሁ። «እሱንም እንዲቀልልኝ ብዬ…»

የራሳቸውን ጋቢ ገፈፉና ሳጥኑ ላይ ደርበው አለበሱት። ከኮዳዬ ውሃ አፍስሼ አራስኩት፤ ፀሐዩን ከሳጥኑ ላይ ከለከለልኝ። ወረድን።

ወረፋ ለኔም ደረሰኝ። እናንተዬ፣ ኪሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው! በሚዛን ያየሁት ውሸት ነው፤ ኪሎ የሚታወቀው በትከሻ አጥንት ነው። ከጎኔ ያለው ጎልማሳ እያለከለከ «ይሄን ሁሉ ብረት አውልቀህለት ነው እንዲህ የሚከብደው?» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ መቀነሴን ነገርኩት። «ተባረክ፣ ምነው ሌላም በጨመርህበት!» አለ። ላሜራውን ባላወልቀው ኖሮ መሸከም ባልመጣ፤ ስላወለቅሁት ደግሞ ሸክሙ ቀለለ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ አስቤ አስቤ አልጨረስኩትም።

መንገደኛ በገጠመን ቁጥር ትከሻ ይጨመራል። ሰቆጣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰውዬ ዞሮ ከእኛ ጋር ወረደ። አንድ ቄስ ጥላቸውን አጥፈው ገቡ። «ማን ነው ሟቹ?» ብለው በሹክሹክታ ሲጠይቁኝ «የመሥሪያ ቤታችን ነው» አልኩ። «ነፍስ ይማር፤ ወጣት ነው?» «ገና አዲስ ነው አባ» አልኩ። ከፊት ያሉት ተሸካሚዎች ሳቅ ሲያፍኑ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ። ቄሱ ጎልማሶቹ እያለቀሱ መስሏቸው «አይዟችሁ» አሉ።

ከዚያ ከሸለቆው ማዶ የመጀመሪያው እሪታ ተሰማ። አያ ረዳ ያሉት አልቀረም። ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ጎጥ ለቅሶው ተቀባበለ፤ ነጠላውን አገልድሞ የሚወርደው፣ በየማሳው ሥራውን የጣለው ሁሉ ከኋላችን ተከተለ። የኛዎቹ «ሰው አይደለም! ሞተር ነው!» እያሉ ቢጮሁም የለቅሶ ድምፅ ዋጠው። የሰማም ቢሆን አይመለስም፤ «መጥተን የለም እንዴ?» ይላል።

ዝቋላ መንደር መግቢያ ስንደርስ አንዲት ሴት ፀጉሯን ነጭታ እየሮጠች መጣች። አወቅኳት፤ አሥራ አንድ ፍየል ያለቀባት ዝማም ነች። ፍየሎቿ ካለቁ በኋላ አንድ ልጇ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ቃሬዛ ወርዷል ሲባል ሌላ አላሰበችም። ቀድሞ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና፣ ቀጥሎ በአማርኛ ደረቷን እየመታች ሙሾውን አወረደችው። እንባዬ መጣ። «እትዬ ዝማም፣ ልጅሽ አይደለም!» ብል ማን ሰምቶኝ። ቃሬዛው ላይ ልትወድቅ ስትል ከጋቢው ስር የወጣውን ጎማ አየች። ዓይኗ ጎማው ላይ፣ አፏ ሙሾው ላይ ቀረና፣ ሙሾው ራሱ ዞሮ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«ወገኔ ሲመጣ በሰው ትከሻ፣
ምነው እግሩ ክብ ሆነ እንደ ጋሻ?»

ጋቢውን ገለጠች፤ መሪ፣ ፍሬን፣ የተነጨ ሞተር። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ መጣባት። ተነስታ መጥታ በጥፊ አጮለችኝ። «ልጄን ገድለህብኝ ነበር!» አለችኝ። ቀጥላ አንገቴን አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ፣ በመታችበት በኩል። ከዚያማ ማን ያስቁማት! ከፊት ቀድማ እያጨበጨበች፦

«ከተማ የኖረ ቤንዚን እየጠጣ፣
ምነው ወደ ቆላ በቃሬዛ መጣ?»

ሕዝቡ ተቀበላት። በዚህ ዓይነት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በጭብጨባና በእልልታ መንደሩ መሀል ገባን።

አሁን ሳቁ ሁሉ ከኔ ጠፋ። ሳጥኑ ፊት ተንበረከክሁ፤ ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃ። እጄን ወደ ታች ሰደድኩት፤ ብልቃጦቹ መሀል አንድ የሎሚ ፍሬ የምታህል በረዶ አገኘሁ። ጣቴን አቃጠለችኝ። «ቀዝቃዛ ነው!» ብዬ ስጮህ ድምፄ እንደ ልጅ ተሰነጠቀ፤ አላፍርበትም።

አያ ረዳ ድንጋይ ላይ ወጡ። «ለለቅሶ የመጣችሁ ሁሉ፣ ፍየላችሁ አሁን ከግጦሽ እየገባች ነው። ሂዱና አምጧት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ይህ መድኃኒት ስንት ትከሻ እንዳለፈ አይታችኋል!» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለክትባት ስጠራቸው «ለግብር ሊቆጥሩብን ነው» ብለው ግማሹ ፍየሉን ገደል ውስጥ ይደብቅብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ለሞት ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የቀረ አልነበረም። የተሸከሙት ፍየል ያዙልኝ፤ ቄሱ እንኳ ቀንድ ያዙ። ዝማም ከዘመድ ለርቢ ያገኘቻቸውን ሦስት ፍየሎች ይዛ መጣች፤ እሷን መጀመሪያ ከተብኩላት። ፀሐይ ስትገባ የመጨረሻው ብልቃጥ አለቀ። ያን ዓመት በሽታው ጎረቤት ቀበሌ ድረስ መጣ፤ እዚያ መንደር አልገባም።

በነጋታው ሞተሩን ሽቅብ አወጡት። አሁን ወደ ከተማ የሚሄድ በሽተኛ ነውና ያየ ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ሰቆጣ ስንገባ የተሸካሚዎቹ እግር የለመደው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ቀጥ ብለው ጤና ጣቢያ በር ላይ አወረዱት። ዘበኛው ጋቢውን ሳይገልጥ «ካርድ አውጡለት» አለ። አቶ ደስታም ሰምተው መጡ። ተሸካሚዎቹን ቆጠሩ፣ ሞተሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «በሁለት ጎማ ወጥቶ በአሥራ ስድስት እግር ተመለሰ» ብለው ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ለወጠኝ ስል ቀልድ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ የምወርድበት አገር ለእኔ ቁልቁለትና ድንጋይ ነበር፤ ብቻዬን ልሻገረው የምቀንስ የምደምርበት። ክረምቱን በሙሉ ቡሎን ስመዝን ከረምኩ እንጂ መንገዴ ላይ እነማን እንዳሉ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አሁን አዲስ ሞተር የደረሳቸው ወጣቶች እየመጡ «ጋሼ፣ ምኑን ላውልቅ?» ይሉኛል። የፈለጋችሁትን አውልቁ፣ ግን አስቀድማችሁ የምታልፉበት አገር ቃሬዛ ማኅበር ግቡ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። የዝማም ልጅ በዓመቱ ከሁመራ በእግሩ መጣ፤ እሱም አባል ነው፤ እኔም ነኝ። ወረፋዬን አሳልፌ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አያ ረዳ ታመሙ። ተጠራሁና ወረድኩ፤ ከፊት በኩል በቀኝ ያዝኩ። ዳገቱ መሀል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ባሉበት፣ ፈራሁ። ድንገት ከላይ ደካማ ድምፃቸው መጣ።

«አንተ ሐኪም፣ እኔና ሞተሩ ማናችን እንከብዳለን?»

«እርስዎ ይከብዳሉ አያ» አልኩ እያለከለክሁ።

«ተመስገን» አሉ። «ገና አለሁ ማለት ነው።»

ተሸካሚው ሁሉ በሳቅ ወደቀ፤ ቃሬዛውን መሬት አስነክተን ትንሽ አረፍን። ከዚያ እንደገና አነሳናቸውና ሽቅብ ወደ ከተማ ይዘናቸው ሄድን።